የኋላ ፍሬን

ሀዲጃ ነገሩን የሰማችው የአሮጌውን ፒክአፕ ፍሬን ረግጣ እንደያዘች ነው። የጋቢናው በር ክፍት ነበር። በጎን መስታወቱ ከመኪናው ሥር የወጡ ሁለት ጥንድ እግሮች ይታዩዋታል፤ ነጠላ ጫማ ያደረጉት የወንድሟ የዩሱፍ ናቸው፣ ዘይት የጠገበ ቆዳ ጫማ ያጠለቁት የባሏ የአብዱልፈታህ። «ርገጪ!» ይላል ባሏ ከሥር፤ ትረግጣለች። «ድገሚ! ድገሚ! ያዢ!» ይላል፤ ትይዛለች። ያን ጊዜ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ያላላታል፤ ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተንፈቀፈቀ ጣሳው ውስጥ ይወርዳል። ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግሯን ካነሳች ቱቦው መልሶ አየር ይስባል፣ የጧቱን ልፋት ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ይህን ያስተማራት እሱ ነው፣ ጨፋ ሮቢት ባለው ጋራዡ ውስጥ፣ የእጇ ሒና ገና ሳይለቅ። ስለዚህ «ልቀቂ» እስኪላት ትጠብቃለች። ወሬው ከመኪናው ሥር የወጣው እሷ ስትጠብቅ ነው።

«ከሰዓት መኪናውን ስንሞክር ሀዲጃን በዚያው ወደ ቤት ይዣት እሄዳለሁ» አለ አብዱልፈታህ።

«ውሰዳት» አለ ዩሱፍ። «እኔም በዚያ ባረጀ የታምቡሮ ፍሬን ማሽላ ጭኖ ቁልቁለት መውረድ ሰልችቶኛል። ያለ ፍሬን ነው እኮ የምነዳው፣ በዱዓ። አንተ የኋላውን ፍሬን ዲስኮ ካደረግህልኝ ምን ቀረኝ?»

«ዝምድና ነው፤ ሒሳብ ጠየቅሁህ?»

«አልጠየቅኸኝም። አላህ ይስጥህ።»

«ልቀቂ!» አለ አብዱልፈታህ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለእሷ። ለቀቀች።

ከዚያ በኋላም ረገጠች። ቀኙ አልቆ ወደ ግራው ጎማ ዞሩ፣ እሷም «ድገሚ» ሲሏት ደገመች፣ «ያዢ» ሲሏት ያዘች። ዲስኮዎቹ ኮምቦልቻ አካባቢ ከተገለበጠ መኪና ላይ የተፈቱ ናቸው። ዲስኮውን ግራና ቀኝ የሚነክሱትን ብረቶች መያዣ አብዱልፈታህ ራሱ ቆርጦ ራሱ በይዶ፣ ጧት በባጃጅ አስጭኖ ነው የመጣው። በር ላይ ሲደርስ ብረቶቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ሰው ለእጮኛው ቤተሰብ ጥሎሽ እንደሚዘረጋ፣ አንድ በአንድ አሳያቸው። በከሚሴ ውስጥ ፍሬን በሴት ተለወጠ የሚል ሰው ፈልጎ አይገኝም። ለሁሉም የየራሱ ስም አለው፤ የብረቱ ዝምድና ይባላል፣ የእሷ መመለስ ሶብር፣ ትዕግሥት፣ ይባላል። መሪውን የያዘችው በቀኝ እጇ ነው። ግራ እጇ በሩ ከተዘጋበትና ወጌሻ ካሰረው ወዲህ አንጓው ላይ በደንብ አይዞርም። ያን ጊዜ የመጡት ሽማግሌዎች እጇን አይተው «ሸይጧን ነው መሀላችሁ የገባው» ብለው፣ ሸይጧኑን ረግመው፣ በልተው ሄደዋል።

ረፋዱ ላይ የግራው ዲስኮ ሲሽከረከር አንድ ቦታ እየነካ መጮህ ጀመረ። አብዱልፈታህ አንዴ አላልቶ አጠበቀው፣ ሁለተኛ አላልቶ አጠበቀው፤ ጩኸቱ አልቆመም። ሦስተኛው ላይ መዶሻውን ሳያይ ወረወረው። መዶሻው በግቢው አቋርጦ ከውኃ ቧንቧው ሥር የነበረውን የልብስ ሳፋ ለሁለት ሰነጠቀው፤ የሳሙናው ውኃ እስከ በሩ ፈሰሰ። የዩሱፍ ሚስት ነጅዋ ከማጀት ብቅ አለች።

«ምነው! ገና ባለፈው ሐሙስ ገበያ የገዛሁት ሳፋ!»

«አፍወን፣ እቴ ነጅዋ» አለ አብዱልፈታህ፣ በፈገግታ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «አብሽሪ፣ ሌላ አመጣልሻለሁ፤ ትልቁን።»

ለሌላ ሰው ሚስት ድምፁ እንዲህ የለሰለሰ ነው። ዩሱፍ ሳቀ፣ ነጅዋም ልትቆጣ የከፈተችውን አፏን በሳቅ ዘጋችው። ሀዲጃ ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠች ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰብስቦ እንደነበር ያወቀችው፣ መዶሻው ካረፈ ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ትከሻዋ መልሶ ሲወርድ ነው።

ምሳ ላይ ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ ሁለቱ ሴቶች ጓዳ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ዙሪያውን ምንጣፍና ትራስ፣ ግድግዳው ላይ የካዕባ ሥዕል ያለበት ስጋጃና ቁሞ የቀረ ሰዓት አለ። ጓዳው ውስጥ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ የልጆቹ ልብስና ሀዲጃ ከመጣች ወዲህ የምትተኛበት ፍራሽ። ዛሬ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ከበሩ ጀርባ የሀዲጃ ቦርሳ ዚፑ ተዘግቶ ቆሟል፣ የዘጋችው ግን እሷ አይደለችም። ነጅዋ፣ ሀዲጃ ቦርሳውን እንዳየችው ባወቀች ጊዜ፣ ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመረች። ኪሎው የት እንደደረሰ፣ ሽንኩርቱም እንደዚያው፣ ዘይቱማ አይነሳ፤ ባለፈው ጨፋ ሮቢት ገበያ አንዲት ሴት ዋጋውን ሰምታ ነጋዴውን በጫማዋ መታችው፣ ወላሂ። ሀዲጃ አንድ ጉርሻ ለረጅም ጊዜ አላመጠች።

«የፍራሹ ነገር» አለች ነጅዋ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክፉ አድርገሽ አትይብኝ። ልጆቼ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ትንሿን ብርዱ ደረቷን ይዟታል።»

«አውቃለሁ።»

«ዩሱፍ እኔንም ይመታኛል እኮ፣ አንዳንዴ። ወንድ ነው።»

ሀዲጃ ቀና ብላ አየቻት። ነጅዋ የወጥ ማውጫውን መጥረግ ያዘች። ዩሱፍ ውኃ ሊቀዳ ገባ። ማሰሮው ላይ አጎንብሶ፣ እህቱን ሳያይ፣ «ሰምተሻል አይደል?» አላት።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ አታዋርጂኝ።»

ጣሳው ሞልቶ ፈሰሰ። ሳሎን ሆኖ አብዱልፈታህ «ውኃው ከቦርከና ወንዝ ነው የሚመጣው?» ብሎ ቀለደ፣ ዩሱፍም ስለዳነ ተንፍሶ ወጣ።

ከምሳ በኋላ መኪናውን ከግቢ አውጥተው ፍሬኑን ማመጣጠን ጀመሩ። በሩ ፊት ያለው መንገድ ደረቅ አቧራ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። አብዱልፈታህ ጥቂት ይነዳና ድንገት ይይዛል፣ ወርዶ ጎማዎቹ አቧራው ላይ የጻፉትን ያነባል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ፊተኛው ጎማ ቀድሞ ይይዛል፣ ኋለኛው ይከተላል። ኋለኛው ከቀደመ መኪናው ጅራቱን ይጥላል። ለዚህ ወደ ኋላ በሚሄደው ቱቦ ላይ አንዲት የምትዞር ቁልፍ አስገብቷል፤ ወደ ውስጥ ሲያዞራት የኋላው ፍሬን ይደክማል፣ ወደ ውጭ ሲያዞራት ይበረታል። የዩሱፍ ማሽላ ከትናንት ጀምሮ መኪናው ላይ እንደተጫነ ነበር። «ላውርደው እንዴ?» ሲለው አብዱልፈታህ «ለምን? ይኼ መኪና መቼ ባዶውን ሄዶ ያውቃል?» አለው። እውነቱን ነው፤ ከአባታቸው ጀምሮ ያ ፒክአፕ ያለ ጭነት ከከሚሴ ሲወጣ ያየው ሰው የለም። ጭነቱ ኋላውን ሲጫነው ጎማው መሬቱን በደንብ ስለሚይዝ፣ ቁልፏን ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ አዞራት፣ የኋላው ፍሬን እንደ ፊቱ እስኪነክስ ድረስ። በመጨረሻው ሙከራ መኪናው ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሰለጠነ በቅሎ፣ ባለበት ቆመ። ጎረቤት አጨበጨበ።

ያን ጊዜ የዩሱፍ ስልክ ጠራ። ደላላው ነው፤ ማሽላውን ዛሬ እንዳትሸጥ፣ ዋጋው ነገ ይጨምራል አለው። ዩሱፍ ሁለት ተሸካሚ ጠርቶ ጆንያውን ሁሉ ወደ ሳሎን አስወረደ። ጭነቱ እየቀለለ ሲሄድ ክብደቱን የተሸከመው የኋላው ባሌስትራ ተቃንቶ ተነሳ፣ መኪናው ቂጡን ሰቅሎ አፍንጫውን ደፋ። ሀዲጃ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች።

«ቁልፏን መልሳት» አለች ባሏን። «የመጠንከው በጭነት ነው። ባዶውን ኋላው ቀድሞ ይይዛል።»

አብዱልፈታህ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዩሱፍን አየው፣ ከዚያ እሷን። «አንቺ እግር ነሽ» አላት። «ጭንቅላቱን ለእኔ ተይው።»

ዩሱፍ ሳቀ። ሀዲጃ ወጥታ መሀላቸው ተቀመጠች፣ ማርሹ በጉልበቶቿ መካከል ሆኖ።

ወደ ጨፋ ሮቢት ከከተማው ሲወጡ የጨፋ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘረጋ። ማሽላው ራሱን ደፍቷል፣ ቀድሞ የታጨደው ጤፍ በየማሳው ተከምሯል፣ ከብት በየቦታው ቃርሚያ ይለቅማል። አብዱልፈታህ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የእጁ ጀርባ ጭኗን ይነካል። «ወላሂ ሀዲጃ፣» አለ በዝግታ፣ ወንድሟ እንደሌለ ሁሉ፣ «እንደ አንቺ እግር አላገኘሁም። ስንቱን ሠራተኛ ሞከርኩ፤ ያዝ ስለው ይለቃል፣ ልቀቅ ስለው ይይዛል። ቤቱም ጋራዡም ያላንቺ አልሆነም።» እውነቱን እንደሆነ ገባት። የሚያስፈራውም እውነት መሆኑ ነው፤ እጇን የሰበረው ሰው እሷን ናፍቋል። ዩሱፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የሰው ማሽላ ይቆጥር ይመስል ነበር።

አብዱልፈታህ አንድ ሁለቴ ቀስ ብሎ ፍሬኑን ሞከረው፣ ሸጋ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ጨመረ። «አሁን እይ፣ ዩሱፍ» አለ። የሚያሳየውን ሳያሳየው፣ አንድ ገበሬ ጥንድ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው እየነዳ ከማሽላው ውስጥ ወደ አስፋልቱ ወጣ። አብዱልፈታህ በሙሉ እግሩ ረገጠ።

ኋለኞቹ ጎማዎች ቀድመው ነከሱ። ሀዲጃ የታያት ከፊታቸው የነበረው መንገድ ወደ ጎን ሲሄድ ነው። ማሽላው በመስታወቱ ላይ ሮጠ፣ ዩሱፍ «ያረቢ!» አለ፣ ጎማው ጮኸ፣ የመኪናው ጅራት እንደ ተወረወረ ዱላ ዞሮ የዳሩን በሬ ከጭኑ መታው። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ነበር። መኪናው ፊቱን ወደመጣበት አዙሮ ቆመ። በሬው ለመነሳት በፊት እግሮቹ ተፍጨረጨረ፤ የኋላው እግሩ አጥንት ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ቀንበሩ ሌላውን በሬ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ባለበሬው ቀንበሩን ለመፍታት እየታገለ «ቆቲዮ ኮ! ቆቲዮ ኮ!»፣ በሬዬን በሬዬን፣ ብሎ ጮኸ። ሰዎች ከየማሳው ማጭዳቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። አንዱ «ሳይሞት እረዱት!» አለ፤ ሌላው ጎራዴ የሚያህል ቢላዋ አወጣ፣ ራሱን ወደ ቂብላ አዞሩት፣ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» አሉ፣ ደሙ አስፋልቱን አቋርጦ እስከ ፒክአፑ የፊት ጎማ ደረሰ። ባለበሬው የእንስሳውን ቀንድ እንደያዘ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ድምፅ ሳያወጣ።

ዩሱፍ ወርዶ የጎማውን ጥቁር መስመር ተከትሎ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። «ምን ሆነ ፍሬንህ?» አለ።

አብዱልፈታህ የማሽላ ገበሬዎቹን አየ፣ ዩሱፍን አየ፣ ጋቢናው ውስጥ የቀረችውን ሀዲጃን አየ። «ፍሬኔ ምንም አልሆነም! እሷ ናት! ጧት ቡሎኑ ሳይጠብቅ ለቃለች፣ አየር አስገብታለች። አውቃ ነው!» በሩን ከፍቶ በሻሿ ጎትቶ አወጣት። ጉልበቷ አስፋልቱን መታ። የመጀመሪያው ጥፊ ጆሮዋን ዘጋው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሩቅ ነገር ነው የሰማችው፤ ጫማውን ጎኗ ላይ፣ እንደገና እዚያው ላይ፣ የደም ጣዕም በጥርሷ መካከል። የተሰበረ እጇን ሆዷ ሥር ሸሸገች። ከሩቅ የወንድሟ ድምፅ መጣ።

«ተው አንተ፣ ሰው ያያል!»

ሰው ያያል። እግሩ ሥር ሆና፣ ጎኗ እየተመታ፣ ያችን ቃል ለየቻት። አብዱልፈታህ ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻውን ሲያወጣ ግን ዩሱፍ ክንዱን ያዘው። ምናልባት ስለ ሰው ብሎ፣ ምናልባት ስለ እሷ፤ ራሱም ያወቀው አይመስልም። አብዱልፈታህ ዞሮ ግንባሩን በብረቱ አለው። ዩሱፍ እንደ ጆንያ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገበሬዎቹ ተረባረቡ፣ በዱላ እጁን መትተው ብረቱን አስጣሉት፣ መሬት ላይ ደፍተው ከቀንበሩ በፈቱት ጠፍር የፊጥኝ አሰሩት። አንድ ጎልማሳ ጀርባው ላይ ተቀምጦ «ፍሬንህን እኛ እንያዝልህ!» አለው፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ሸህ ሙሀመድአሚን የሚባሉ የቀበሌው ሽማግሌ በዝግታ መጡ፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው። ሁሉም ቦታ ለቀቀላቸው። በሬውን አዩ፣ የዩሱፍን ግንባር አዩ፣ ሀዲጃን አዩ፣ «ሴቲቱን ውኃ ስጧት» አሉ። ከዚያ ወደ ታሰረው ሰው ዞሩ። በዚያ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ዋስ ሳይጠራ ከቦታው አይነቃነቅም። ዋስ የሆነም ሰው ዋስ የሆነለትን ቤቱ አስገብቶ፣ አብልቶ፣ አሳድሮ፣ በቀጠሮው ቀን እጁን ይዞ ያቀርበዋል። ዋስ ካጣ ከባለ ደሙ መንደር ይታሰራል፣ ለመንግሥትም ይነገራል።

«ዋስ ጥራ» አሉት።

ከአብዱልፈታህ በፊት ዩሱፍ ተናገረ። ደሙ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል፣ በመዳፉ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይሞላል። «እኔ እሆናለሁ፣ ሸህዬ። አማቼ ነው። የቤት ነገር ነው።»

ሸህ ሙሀመድአሚን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደምህ ዓይንህን ጋርዶት ማንን አይተህ ነው የምትዋስ? የተመታ ሰው ለመቺው ዋስ አይሆንም። ዲሲ፣ ተወው፣ ተቀመጥ ልጄ።»

«ሚስቴ አለች» አለ አብዱልፈታህ ከመሬት፣ አፈር ከከንፈሩ እየተፋ። «ሀዲጃ ትሆነኛለች።»

ሰዉ ተያየ። «ሴት?» አለ አንዱ። ሸኹ ግን «ቤት ያላት ትሆናለች» ብለው ወደ እሷ መጡ። በአጠገቧ ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደባቸው። ጉልበታቸው ተንቋቋ።

«ባልሽ ነው ልጄ?»

«ነው።»

«ዋስ ትሆኚዋለሽ? ቤት ታስገቢዋለሽ?»

የበሬው ቆዳ መገፈፍ ጀምሮ ነበር፤ ቢላዋው ሲስብ ይሰማል። አብዱልፈታህ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያታል። እንዲህ ከሥር ሆኖ አይቷት አያውቅም። ዩሱፍ «ሀዲጃ፣» አለ በደከመ ድምፅ፣ «አታዋርጂን።» ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ በኋላ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ይህ የማታውቀው አዛውንት መሆኑ ገረማት። ከንፈሯን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«አልሆንም» አለች።

«ምክንያትሽን ሰዉ ይስማው።»

«እሱን ቤት ካስገባሁ፣ ሸህዬ፣ በቀጠሮው ቀን የምትሰበሰቡት ለበሬው አይደለም።»

ሸኹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱና «ዋስ አጥቷል፣ ውሰዱት» አሉ። አብዱልፈታህ መጀመሪያ ለመናት፣ በእናቱ ስም፣ በአባቷ ስም፤ እየጎተቱ ወደ ማሽላው ሲያስገቡት ደግሞ ቤቷን በገዛ እጇ እንዳፈረሰች፣ አላህ እንደሚጠይቃት፣ ሲፈታ የት እንደሚያገኛት እየጮኸ ሄደ። የማሽላው አገዳ ከኋላው ሲዘጋ ድምፁ ቆየ፣ ቀስ በቀስም ጠፋ። ሀዲጃ ቦርሳዋን ከጋቢናው አወረደች።

ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ መንገዱ ላይ በተሰበሰበው ሰው ምክንያት ቀስ ብሎ መጣና ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የፈሰሰውን ደም አየ።

«ሰው ነው?»

«በሬ ነው» አለው አንዱ።

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ሀዲጃን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ግቢ እህቴ፣ ግቢ። ከሚሴ የት ነሽ?»

«ጤና ጣቢያው በር ላይ ታወርደኛለህ።»

ዩሱፍ ግንባሩን እንደያዘ ከመሬት አልተነሳም። አባቱ የተወለትን መኪና ያያል፣ ማሽላውን ያያል፣ እሷን ያያል። አንድ እግሩን ለመነሳት አጠፈ፣ እዚያው ላይ ቆየ። ሀዲጃ አልጠራችውም፣ ፊቷንም አላዞረችበትም፤ የሚኒባሱን በር ይዛ ቆመች።

«ስንት ናችሁ?» አለ ሹፌሩ።

«አንድ» አለች። ወጥታ ተቀመጠች። «ወንድሜ ከመጣ ሁለት።»